ባለ ሉካንዳውና የዳሊያው ሌቦች

ባለ ሉካንዳው በር ሞልቶ የሚገባ ሰው ነው። ክንዱ የሌላ ሰው ጭን ያህላል። ሃያ ሦስት ዓመት ቆሞ የሠራበት የሱቁ ወለል ከመክተፊያው ጠረጴዛ ኋላ ሁለት የእግር ቅርጽ ይዞ ጎድጉዷል። ሰፈሩ በሙሉ «መጥረቢያው» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ከሱቁ ጎን ያለው ልብስ ሰፊ ነው። አንድ ቀን ባለ ሉካንዳው የበሬ ታፋ በአንድ ምት ለሁለት ሲከፍል አይቶ፣ ደንግጦ የገዛ ጣቱን በመርፌ ወጋ፤ ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም።

ይህ ሰው ታዲያ አበባ ይወዳል።

የሚወደውም እንዲያው በመንገድ ሲያልፍ አይቶ ለማድነቅ ያህል አይደለም። አመሻሹ ላይ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፣ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ይታጠባል፣ ሸሚዙን ይቀይራል፣ ከዚያ እራት የሚባል ነገር ሳያስታውስ ቀጥታ ወደ ጓሮ ነው። ጓሮው ትልቅ አይደለም፤ በእሱ እርምጃ ርዝመቱ አሥራ አንድ፣ ወርዱ ስድስት። በግንቡ ሥር ጽጌረዳ አለው፤ በኋለኛው ክፍል መስኮት ሥር ጄራኒየም አለው፤ መሐል ላይ ደግሞ የዓይኑ ብሌን የሆነው የዳሊያ መደብ አለ። የዳሊያውን ሥር በደረቁ ወራት ከመሬት አውጥቶ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ሰጋቱራ በሞላበት ሣጥን ውስጥ አልጋው ሥር ያስተኛዋል። ሚስቱ ለጓደኞቿ ስታወራ «እኔ ከአልጋው በላይ፣ እነሱ ከአልጋው በታች ነን፤ ማናችንን እንደሚያስበልጥ ፈርቼ ጠይቄው አላውቅም» ትላለች።

ሚስቱ የሒሳብ መምህርት ናት። የሚስቱ እናት ደግሞ ሲስተር ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት ሠርተው፣ መጨረሻ ላይ የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ሆነው ጡረታ ወጡ። ጡረታው ደመወዙን እንጂ ማዕረጉን አልነካውም፤ ዳቦ ሻጩም፣ ፖስተኛውም፣ የገዛ አማቻቸውም «ሲስተር» ነው የሚላቸው።

ሲስተር ልጃቸው አብረዋቸው ከሚሠሩት ሐኪሞች አንዱን ታገባልኛለች ብለው በልባቸው ይዘው ነበር። ልጅቷ መጥረቢያውን ይዛ መጣች። ያን ጊዜ ሲስተር የተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲሰፋ የኖርኩ ሴት፣ ልጄን ለሚቆርጥ ሰው አልሰጥም» አሉ። ልጅቷ ሳይሰጧት ሄደች። ሲስተር ሠርጉ ላይ ተገኝተው፣ ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ በሥርዓት አጨብጭበው ወደ ቤታቸው ገቡ። ጠብ አልነበረም። ስድብ አልነበረም። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አማቻቸውን በቀጥታ አናግረውት አያውቁም።

የሚያወሩት በልጅቷ በኩል ነበር። አንድ ማዕድ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲስተር «ለሰውየው ጨው አቀብይው፣ ዓይኑን እዚያ ላይ ተክሏል» ይላሉ። እሱ ጨውን ተቀብሎ «ለሲስተር አመሰግናለሁ በይልኝ» ይላል። መምህርቷ መሐል ተቀምጣ ከአንድ ቋንቋ ወደዚያው ቋንቋ ስታስተረጉም ኖረች።

እንዲህ እያሉ ሳለ ሲስተር የመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸውና ሐኪሙ «ሦስት ወር ደረጃ የሚባል ነገር እንዳያዩ» አላቸው። የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ነው። ስለዚህ ሻንጣቸውንና ምርኩዛቸውን ይዘው ልጃቸው ዘንድ መጡ፤ ጓሮውን የሚያየው የኋለኛው ክፍል ተሰጣቸው።

አንድ ወር በሰላም አለፈ። ከዚያ ለመምህርቷ ሌላ ከተማ የሦስት ሳምንት ሥልጠና ወጣላት። ልትሄድ ስትል ቦርሳዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች፤ ባሏ በአንድ በኩል፣ እናቷ በሌላ በኩል።

«የእማዬ መድኃኒት ሰዓቱ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል» አለች። «ሌላውን ነገር ተነጋገሩ። ሁለታችሁም አፍ አላችሁ።»

ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። መኪናዋ መንገዱን እስክትታጠፍ ሲያዩ ቆይተው፣ ሲስተር ወደ ክፍላቸው፣ እሱ ወደ ሱቁ ሄደ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት አስቸጋሪ ነበሩ። ሲስተር ሻይ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው «ይህ ሻይ ስኳር አንሶታል» ይላሉ፤ ለማን እንደሚሉት መስኮቱ ይወቀው። ባለ ሉካንዳውም ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ወደ ውስጡ «ስኳር እየመጣ ነው» ይላል። አንድ ቀን ክኒናቸውን ረስተው እንደሆነ ለማወቅ ሲፈልግ ግድግዳውን «ክኒን ተውጧል?» ብሎ ጠየቀው። ከግድግዳው ወዲያ «ተውጧል» የሚል ድምፅ መጣ። እንዲህ ሆኖ ሦስት ሳምንት እንደሚገፋ እያሰላ ሳለ ዝናቡ ገባ፤ ከዝናቡ ጋር ሌቦቹ መጡ።

አንድ ጠዋት ወደ ጓሮ ብቅ ሲል ከሃያ አራቱ የዳሊያ ቡቃያዎች ሦስቱ የሉም። ከመሬት አንድ ጣት ያህል ግንድ ብቻ ቀርቷል። የሌሎቹ ቅጠል ደግሞ ወንፊት መስሏል። ባለ ሉካንዳው መጀመሪያ ወፍ ጠረጠረ፣ ቀጥሎ አይጥ ጠረጠረ፤ ለትንሽ ጊዜ፣ ይቅር ይበለውና፣ ቀና ብሎ የኋለኛውን ክፍል መስኮት አየ። ከዚያ በአፈሩ ላይ የብር ክር የመሰለ የሚያብለጨልጭ መስመር አየ። መስመሩ ከዳሊያው ተነሥቶ ወደ ጽጌረዳው፣ ከዚያ ወደ ግንቡ ሥር ይሄዳል።

ነገሩን ለልብስ ሰፊው ነገረው። ልብስ ሰፊው በሕይወቱ አንድ ማሰሮ አበባ እንኳ ኖሮት አያውቅም፤ ግን የማያውቀው ነገር የለም።

«ቀንድ አውጣ ነው» አለ፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ።

«ቀንድ አውጣማ ቅርፊቱን ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ቢኖር አየው ነበር።»

«ቅርፊት የሌለውም አለ። ራቁቱን የሚሄድ። እሱ ነው የባሰው፤ ቤት ስለሌለው የሰው ቤት ያፈርሳል።»

ባለ ሉካንዳው አላመነም። ቤቱ ተመልሶ አንድ የተበሳ ቅጠል በጥንቃቄ ገልበጥ አደረገ። የጣት ያህል የወፈረ፣ ጉበት የመሰለ፣ ልጋጉ የሚዝረከረክ ፍጥረት ቅጠሉ ላይ ተለጥፏል። ጉበት በየቀኑ በእጁ የሚያገላብጥ ሰው ነው። ግን ይህኛው ሁለት ቀንዱን አወጣና ተንቀሳቀሰ። ባለ ሉካንዳው የለመደው የማይንቀሳቀስ ነገር ነው። ቅጠሉን ለቅቆ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ እጁን ሦስት ጊዜ ታጠበ፤ በዚያ ቀን ምሳ አልበላም።

ልብስ ሰፊው መድኃኒቱን ነገረው፤ ጨው። ጨው ባለ ሉካንዳው ዘንድ ሞልቷል፤ ለቆዳ ማድረቂያ የሚሆን ሻካራ ጨው በኩንታል ይይዛል። በዚያው ቀን ግማሽ ባልዲ አምጥቶ በእያንዳንዱ ዳሊያ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ሠራ። ሲስተር ከመስኮታቸው አዩት። ተክል ሥር ጨው መበተን ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ፤ ግን አስተርጓሚያቸው ሌላ ከተማ ናት። በምርኩዛቸው ጫፍ መስታወቱን መቱ።

ባለ ሉካንዳው ቀና አለ፤ ገባውና ሄዶ ሻይ አመጣላቸው።

ወጥቶ ጨው መበተኑን ቀጠለ። ሲስተር መስታወቱን ደግመው መቱ። ተመልሶ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨመረበት። በሦስተኛው ምት ብርጭቆው ውስጥ ሌላ ሦስት ማንኪያ ከተተና ራሱን እየነቀነቀ ወጣ። ሲስተር ብርጭቆውን ይዘው ጨው እስኪያልቅ ድረስ ቆመው አዩ። በማግስቱ ዝናቡ ጨዉን አሟሟው። በሳምንቱ ሁለት ዳሊያዎች ከሥራቸው ቢጫ ሆነው ተኙ። ልጋጋሞቹ ግን፣ እነሱ ከዝናቡ በኋላ ዓይናቸውን በጨው ታጥበው ተመልሰው መጡ።

ሁለተኛው መድኃኒት አመድ ነበር። አመዱን ልብስ ሰፊው ራሱ ከከሰል ካውያው አራግፎ በፌስታል ሰጠው፤ «ሆዱን ይፈትገዋል፣ አያልፍም» አለው። አንድ ቀን ሙሉ በእርግጥ አላለፉም። ከዚያ ዘነበና አመዱ ተለስኖ መንገድ ሆነላቸው፤ ጭራሽ አዲስ አስፋልት የተነጠፈላቸው ይመስል ተዝናንተው ተሻገሩ።

ሦስተኛው ቢራ ነው። «ሽታውን ተከትለው ይመጣሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይሰምጣሉ» አለ ልብስ ሰፊው። «እንዲያውም ይህ ለእነሱ ሲበዛባቸው ነው፤ ሌባ ተይዞ ቢራ ሲጠጣ አይቼ አላውቅም።» ባለ ሉካንዳው አራት ጎድጓዳ ሳህን እስከ አፋቸው መሬት ውስጥ ቀበረና ቢራ ሞላባቸው። ይህ መላ ሊሠራም ይችል ነበር። ግን የጎረቤቱ ውሻ በአጥሩ ቀዳዳ የመግባት ልማድ አለው፤ ባለ ሉካንዳውን ስለ ሥጋ ሽታው ይወደዋልና ልብሱን እያሸተተ እስከ ጓሮው ይከተለዋል። ጠዋት ጓሮ ሲወጣ አራቱም ሳህኖች ተልሰው ያብለጨልጫሉ። ውሻው ደግሞ ጨው ያተረፋቸው ሁለቱ ምርጥ ዳሊያዎች ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ አራት እግሩን ሰማይ ላይ ሰቅሎ ያንኮራፋል።

ባለ ሉካንዳው ውሻውን ቁልቁል እያየ ቆመ። ሊቆጣ ፈለገ፤ አቃተው። ያን ጊዜ ከቤቱ በኩል ሳቅ ሰማ። ሲስተር መስኮቱን ከፍተው፣ ደፉ ላይ ተደግፈው፣ እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲስቁ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው፤ ሳቃቸው ከዕድሜያቸው ያነሰ፣ የልጃገረድ ሳቅ ነበር።

ሲበርድላቸው ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉና «አንተ ሰውዬ» አሉ፣ «ማታ ማታ ውሃ የምታጠጣው ለምንድን ነው?»

ባለ ሉካንዳው ከኋላው ሰው እንዳለ ለማየት ዞር አለ።

«እኔን ነው?»

«ውሻው እንደማያጠጣማ አይቻለሁ።»

«ቀን ሥራ ላይ ነኝ እኮ፤ ማታ ነው የሚመቸኝ።»

«ለእነሱም ማታ ነው የሚመቻቸው» አሉ ሲስተር። «ዘጠኝ ቀን አየሁህ። ዳሌዬ ጎህ ሳይቀድ ይቀሰቅሰኛል፤ ሌላ የማየው ነገር ስለሌለ ጓሮህን አያለሁ። እዚያ ግንቡ ሥር የከመርከውን አሮጌ ጣውላ ታየዋለህ? የሚወጡት ከእሱ ሥር ነው። ሲነጋ ደግሞ ተሰልፈው ተመልሰው ይገባሉ፤ እንደ ተረኛ ሠራተኛ ሰዓት ያከብራሉ። ጣውላውን ማደሪያ አደረግክላቸው፤ እርጥብ ሣር ዳሊያዎቹ ሥር ጎዝጉዘህ ፍራሽ አነጠፍክላቸው፤ ማታ ማታ ውሃ አጠጣሃቸው፤ ዳሊያ እራት አቀረብክላቸው። ከዚያ መጡብኝ ትላለህ።»

ባለ ሉካንዳው ጣውላውን አየ። ሣሩን አየ። «ለምን ቀደም ብለው አልነገሩኝም?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«ጨው ስትበትን መስታወት መታሁ። ሻይ አመጣህ።»

«ስኳር ያነሰው መስሎኝ።»

«በሦስተኛው ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር» አሉ ሲስተር። «ለማንኛውም ነገ ጎህ ሲቀድ እወጣለሁ። ባልዲ በሳሙና ውሃ አዘጋጅ።»

በማግስቱ ሲስተር ካፖርታቸውን ደርበው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ለአልጋ ይዞሩበት በነበረው አረማመድ ወደ ጓሮ ብቅ አሉ። ባለ ሉካንዳው ወንበር አውጥቶላቸው ባልዲውን እግራቸው ሥር አስቀመጠ። ዝናቡ አባርቶ ሁሉ ነገር ያንጠባጥባል። ልጋጋሞቹ ገና ማዕድ ላይ ነበሩ።

«በል ልቀም» አሉ ሲስተር። «እኔ ማጎንበስ አልችልም።»

ባለ ሉካንዳው ጎንበስ አለና ቀረ። እጁን ሰደደ፤ መለሰው።

«ምነው?»

«አልነካውም።»

«አንተ?»

«ይንቀሳቀሳል፣ ሲስተር።»

ሲስተር አዩት። አልሳቁም። እንዲያውም «እኔ ደግሞ ጥሬ ሥጋ አልነካም» አሉ።

«እርስዎ? ስንቱን ሰው ቀዶ ሕክምና ክፍል ያዩ ሴት?»

«እሱ ሌላ ነው። የእኔ ሰው ይቀደዳል፣ ይሰፋል፣ አሥር ቀን ቆይቶ ምግቡ ጨው የለውም እያለ ይነጫነጫል። የአንተ ነገር ግን አይሰፋም። ባለቤቴ በሕይወት እያለ ሥጋ የሚከትፈው እሱ ነበር። ከሱ በኋላ ዓሣ ነው የምበላው። በሱቅህ በር ሳልፍ ትንፋሼን ይዤ ነው የማልፈው፤ ለልጄ እንዳትነግራት።»

ባለ ሉካንዳው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሱቁ በር ፊታቸውን አዙረው ሲያልፉ ያይ ነበር። ኩራት ነው ብሎ ነበር የያዘው።

መፍትሔውን ሁለቱም በየፊናቸው አመጡት። ሲስተር ከካፖርታቸው ኪስ አንድ ጥንድ የሐኪም ጓንት አወጡ፤ ጡረታ ሲወጡ ሁለት ሣጥን ይዘው ነው የወጡት። ጓንቱ እስከ አውራ ጣቱ መገጣጠሚያ ብቻ ገባለት። እሱ ደግሞ ወደ ኩሽና ሮጦ ትልቁን መቆንጠጫ አመጣ። የመጀመሪያውን ልጋጋም በመቆንጠጫው ጫፍ ሲያነሣ ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ፣ ፊቱን አዙሮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ባልዲው ውስጥ ጣለው። ውሃው ውስጥ ጠብ ሲል ከጉሮሮው አንዲት ቀጭን ጩኸት አመለጠችው።

«ይህን ድምፅ እኔ አልሰማሁም» አሉ ሲስተር። «ቀጥል።»

በዚያ ጠዋት ስድሳ አራት ተለቀመ። ቀጥሎ ጣውላው ተነሣ፣ እርጥቡ ሣር ተጠረገ፣ የተሰበሩት ማሰሮዎች ከግንቡ ሥር ወጡ። ከአንዱ ማሰሮ ሥር ባለ ሉካንዳው እፍኝ የማይሞሉ፣ ጠል የመሰሉ፣ ድቡልቡል ፍሬዎች አገኘ።

«ይህንን እንኳ ተዉልኝ፤ ማዳበሪያ ነው» አለ። «ባለፈው ወር ብዙ አግኝቼ ለዳሊያዎቹ በየሥራቸው አከፋፍዬ፣ እንዳይደርቅም አፈር አልብሼዋለሁ።»

ሲስተር አንገታቸውን አስግገው አዩ። ከዚያ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«እንቁላላቸው ነው» አሉ፣ በጣታቸው መሐል።

ከዚያ በኋላ የጠዋቱ ዙር ልማድ ሆነ። ባለ ሉካንዳው ውሃ ማጠጣቱን ወደ ጠዋት አዞረ። ሲስተር ከጣውላዎቹ አንዷን ብቻ በውሃ ርሳ መደቡ ዳር እንድትተኛ አደረጉ፤ ልጋጋሞቹ ማደሪያ አገኘን ብለው ሌሊቱን እሷ ሥር ይሰበሰባሉ፤ ጠዋት ጣውላዋ ትገለበጥና ሁሉም እዚያው ይለቀማሉ። ስድሳ አራቱ አርባ ሆነ፣ ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ ዘጠኝ። ሲስተር ቁጥሩን በአሮጌ የበሽተኛ ሠንጠረዥ ላይ በእርሳስ ይጽፉታል፤ መስመሩ ሲወርድ ትኩሳቱ እንደወረደለት ሰው ይደሰታሉ። ልብስ ሰፊው ከጠዋቱ ዙር ዜና ሲቀርብለት «እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው» አለ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ጠዋት ለሱቁ ሥጋ የሚያመጣው መኪና ከሰዓቱ ቀድሞ መጣና ባለ ሉካንዳው ጓሮውን ሳያይ ወጣ። ሲስተር «ዛሬ ዙር የለም» ማለት አልሆነላቸውም። ብቻቸውን ወጡ። በምርኩዛቸው ጣውላዋን ገለበጡ። ሥሯ አራት ወፋፍራም ልጋጋሞች ነበሩ፤ አንደኛው ወደ ዳሊያው መንገድ ጀምሯል። ሲስተር በጣም ትንሽ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ትንሽ ጨመሩ። ምርኩዙ ጭቃው ውስጥ ሰመጠና ሲስተር ቀስ ብለው፣ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው፣ መደቡ መሐል ቁጭ አሉ። አልወደቁም፤ ብቻ መነሣት አቃታቸው።

ባለ ሉካንዳው ሥጋውን ሰቅሎ፣ የቀረበትን የጠዋት ዙር ሊያደርስ ሲመለስ፣ ያንን ውሻ አጥሩ ቀዳዳ ላይ ሲጮህ ሰማ። ወደ ጓሮ ሮጠ። ሲስተር ካፖርታቸው ጭቃ ነክቶ፣ ዝናብ ፀጉራቸው ላይ እያካፋ፣ አንዱን ልጋጋም በሁለት ጣታቸው ይዘው ተቀምጠዋል።

«ባልዲውን አቀብለኝ» አሉ። «ይህ ሊያመልጥ ነበር።»

«ዳሌዎስ?»

«ዳሌዬ ደህና ነው። ብሎኑ ሲላላ ይታወቀኛል።»

ባለ ሉካንዳው አልጠበቀም። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አነሣቸው። ነጩ ሽርጡ የጠዋቱን ሥጋ ስላገኘ ቀይ በቀይ ነበር፤ ሲስተር ትንፋሻቸውን ያዙ። በሩ ጋ ሲደርሱ አሁንም ይዘውታል። ኮሪደሩ መሐል ላይ ግን ትንፋሽ አለቀባቸውና ለቀቁት፤ ከዚያ እንደማንኛውም ሰው መተንፈስ ጀመሩ።

«እንደ ታፋ አትሸከመኝ» አሉ።

«ታፋ አይናገርም» አላቸው።

አልጋቸው ላይ አስቀመጣቸው። ሐኪም ልጥራ ብሎ ጠየቀ፤ ሲስተር እግራቸውን ራሳቸው አጥፈው፣ ዘርግተው፣ በጣታቸው ዙሪያውን ነካክተው «አይጠራም» ብለው ወሰኑ። እሱ ግን ሱቁን ሳይከፍት፣ አልጋው አጠገብ ባለች ትንሽ ወንበር ላይ ጉልበቱን ታቅፎ እስከ ረፋዱ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ሲስተር በዚህ ሁሉ ዓመት ይህ ሰው ይፈራል ብለው አስበው አያውቁም።

«ለልጄ አትነግራትም» አሉ በመጨረሻ።

«አልነግራትም፣ እማማ።»

ሁለቱም ቃሉን ሰሙት። ሲስተር ሻይ እንደሚፈልጉ ተናገሩ፤ በቀጥታ ለእሱ፤ ስኳሩም አንድ ማንኪያ ብቻ እንዲሆን።

መምህርቷ ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሰች። ሻንጣዋን ሳሎን አስቀምጣ ድምፅ ተከትላ ወደ ጓሮ ስትወጣ እናቷና ባሏ ይከራከራሉ። እናቷ ቀዩ ዳሊያ ከነጩ አጠገብ መሆን የለበትም ይላሉ፤ ባሏ ደግሞ ሥር ከያዘ በኋላ ተክል አይነቀልም ይላል። ድምፃቸው ከፍ ብሏል፤ ሁለቱም አንዳቸው የአንዳቸውን ዓይን እያዩ ነው። መምህርቷ በሩ ላይ ቆማ ትንሽ ሰማች።

«ምን ተፈጠረ?» አለች።

«ምንም» አሉ ሁለቱም፣ አንድ ላይ።

«ያ ካፖርት ለምን ታጠበ?»

«ቆሽሾ ነው» አሉ ሲስተር።

«በምን?»

ባለ ሉካንዳው መቆንጠጫውን ከኋላው ደበቀ። መምህርቷ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ወደ ኩሽና ገብታ ፊቷን ታጠበች፤ ስትታጠብ ግን ከሚገባው በላይ ቆየች።

ከሃያ አራቱ ዳሊያዎች በመጨረሻ ያበቡት አሥራ ሦስት ናቸው። አበባቸው ግን የሚያስደንቅ ነበር፤ አንዳንዱ የሰሐን ያህል ሆኖ ወጣ። ባለ ሉካንዳው ጥቂቱን ቆርጦ ልብስ ሰፊው ሱቅ መስኮት ላይ አኖረለት፤ ልብስ ሰፊው ለሚመጣው ሁሉ እንዴት እንዳዳናቸው ያስረዳል። ልጋጋሞቹ ጨርሰው አልጠፉም። ጠዋት ጣውላዋ ስትገለበጥ አራትም አምስትም ይገኛል፤ ባለ ሉካንዳው አሁን ያለ መቆንጠጫ፣ በልኩ በገዛው ጓንት ብቻ ያነሣቸዋል፤ ፊቱን ግን ያዞራል።

ሦስት ወሩ ሲያልቅ ሐኪሙ ደረጃ ፈቀደላቸውና ሲስተር ወደ ሦስተኛ ፎቅ ተመለሱ። በሁለተኛው እሑድ ባለ ሉካንዳው ሦስት ትልልቅ ማሰሮ ዳሊያ ከነአፈራቸው ትከሻው ላይ አድርጎ ደረጃውን ወጣ። ላብ አጥምቆት በረንዳው ላይ ሲያወርዳቸው ሲስተር መነጽራቸውን አድርገው እየዞሩ መረመሩ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቢጫው ነው። ፀሐይ ይወዳል። እዚህ ጥግ ይሁን።»

«እዚያ ነፋስ አለ። ወደ በሩ አምጣው።»

«በር ላይ ከሆነ ሲያልፉ ይሰናከሉበታል።»

«እኔ አልሰናከልም።»

ባለ ሉካንዳው ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ምርኩዛቸውን አየ። ሲስተር ወደ በሩ አዩ።

«እሺ፣ ጥጉ ላይ ይሁን» አሉ። «ነገር ግን ነፋሱ ከሰበረው አንተ ነህ መጥተህ የምትደግፈው። አሁን ተቀመጥ፤ ዓሣ ጠብሻለሁ።»